ክምችቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል?

ነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም ማርከር የመስቀል ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ ላይ የመስታወት ብልቃጥ ይቀመጣል። ብልቃጡ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል ጨው የሟሟበት ውሃ ነው። ከላይ ቁልቁል ሲያዩት መስቀሉ ፍንትው ብሎ ይታያል። አሁን ትንሽ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመርና ሰዓት መቁጠር ይጀመራል።

መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ፈሳሹ ጉም ጉም ይላል። ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። ከዚያ ወደ ቢጫነት ያደላል። መስቀሉ ይደበዝዛል፣ ይደበዝዛል፣ በቃ ጠፋ። ሰዓቱ ይቆማል።

መስቀሉን የጋረደው ድኝ ነው። ታዮሰልፌቱና አሲዱ ተገናኝተው ወደ ሌሎች ነገሮች ተለወጡ፤ ከነዚህ አንዱ ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ድኝ ነው። ደቃቅ ቅንጣቶቹ ብርሃን አላሳልፍ አሉ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ሙከራው መስኮት ተከፍቶ፣ በትንሽ መጠን ነው የሚሠራው። አስም ያለበት ሰው ባይጠጋው ይሻላል።

መስቀሉ እስኪጠፋ 30 ሰከንድ ፈጀ እንበል። በሁለተኛው ዙር ታዮሰልፌቱን በግማሽ እንቀንስና የጎደለውን በውሃ እንሙላ። ጠቅላላው የፈሳሽ መጠን ግን አይለወጥም። ይሄ ወሳኝ ነው። የምናየው በፈሳሹ ጥልቀት አሳልፈን ስለሆነ ከፍታው ከተለዋወጠ ንጽጽሩ ገደል ገባ። በዚህ ዙር 60 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። እንደገና በግማሽ ብናቀጥነው ወደ 120 ይጠጋል። ክምችቱ በግማሽ በወረደ ቁጥር ጊዜው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍጥነቱ በግማሽ ቀነሰ።

እኔ ተማሪ ሳለሁ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነበር የሚያበቃው። «ክምችት ሲጨምር የሪአክሽን ፍጥነት ይጨምራል» ብዬ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ውሸት አይደለም። ግን «በስንት?» ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የነገሩ ጣዕም ያለው እዚያች «በስንት» ላይ እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አንዳንዴ ሁለት እጥፍ ስንጨምር ሁለት እጥፍ ይፈጥናል። አንዳንዴ አራት እጥፍ። አንዳንዴ ንቅንቅ አይልም። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ይዘገያል።

መጀመሪያ ቃላቱ ላይ እንስማማ። «ሪአክሽን» የምለው የትምህርት ቤት መጽሐፍ «አጸግብሮት» የሚለውን ነው፤ አፋችን የለመደውን ልጠቀም። «ክምችት» ደግሞ ኮንሰንትሬሽን ነው፦ በአንድ የተወሰነ ቦታ ውስጥ ስንት ሞለኪውል ታጭቋል? ኬሚስቶች አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ስንት ሞል እንዳለ ይቆጥራሉ፤ ሞል እንደ ደርዘን ያለ የቁጥር ስም ነው፣ እጅግ የበዛ ቁጥር እንጂ። «ፍጥነት» ስንል በሰከንድ ወይም በደቂቃ ምን ያህሉ ተለወጠ ማለታችን ነው። ከዚህ በላይ ትርጉም አያስፈልገንም።

ሳይጋጩ ነገር የለም

ሁለት ሞለኪውሎች ወደ ሌላ ነገር ለመለወጥ መጀመሪያ መገናኘት አለባቸው። መገናኘት ስል የምር መላተም ነው። ከሩቅ ሆነው የሚጨርሱት ጉዳይ የለም።

ግጭት ደግሞ ሞልቷል። በክፍል ሙቀት ያለ ተራ አየር ብንወስድ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ወደ 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ሞለኪውሎች አሉ። «ቢሊዮን» ሁለቴ የተጻፈው በስህተት አይደለም። እያንዳንዱ ሞለኪውል በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ከሌላው ይላተማል። ያም ሆኖ አየሩ ዝም ብሎ አየር ነው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በአንድ ዕቃ ውስጥ ተደባልቀው ብልጭታ ካላገኛቸው በክፍል ሙቀት ለዓመታት አብረው ይቀመጣሉ። ይላተማሉ፣ ይመለሳሉ፤ ይላተማሉ፣ ይመለሳሉ።

ፍሬ ያለው ግጭት ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ጉልበት ነው፤ የቆየውን ትስስር ለመበጠስ የሚበቃ ኃይል ይዞ መምጣት። ሌላው አቅጣጫ ነው። ቁልፍን በጀርባው በኩል ወደ ቀዳዳው ቢገፉት በሩ አይከፈትም፤ ሞለኪውልም እንዲሁ ነው፣ ትክክለኛው ጎን ከትክክለኛው ጎን ካልገጠመ ግጭቱ ባዶ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክምችት መጨመር ግጭቶቹን «ኃይለኛ» አያደርጋቸውም። የሚጨምረው ቁጥራቸውን ብቻ ነው። ከመቶ ግጭት ስንቱ ይሳካል የሚለው ያው ነው። ብዙ የሎተሪ ትኬት እንደመግዛት ነው፤ የእያንዳንዷ ትኬት ዕድል አልተለወጠም፣ ትኬቶቹ ግን በዙ። ሙቀት ሲጨመር የሚሆነው ሌላ ነው። ያኔ የትኬቷ ዕድል ራሱ ከፍ ይላል። ሁለቱም ሪአክሽን ያፋጥናሉ፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህም የክምችትን ነገር የሚፈትን ሰው ሙቀቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት፤ አለዚያ የማን ሥራ እንደሆነ አይለይም።

አሁን ሰፊ አዳራሽ አስቡ። ውስጡ ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎች እየተንቀሳቀሱ ነው። 10ሩ ቀይ ለብሰዋል፣ 10ሩ ሰማያዊ። ቀይ ከሰማያዊ ጋር ሊላተም የሚችልበት ጥምረት 10 በ10፣ 100 ነው። ቀዮቹን 20 ብናደርግ 200 ይሆናል። ሰማያዊዎቹንም 20 ብናደርግ 400። አንዱን ብቻ እጥፍ ስናደርግ ግጭቱ እጥፍ ሆነ፤ ሁለቱንም እጥፍ ስናደርግ አራት እጥፍ። መደመር ሳይሆን ማባዛት ነው ያለው። ቀይ ከቀይ ጋር መላተም ቢኖርበትስ? ቀዮቹን እጥፍ ማድረግ ለእያንዳንዱ ቀይ የሚላተመውን እጥፍ ያደርግለታል፣ የሚላተሙትም እጥፍ ናቸው። አሁንም አራት እጥፍ ገደማ ነው።

ጋዝ ከሆነ ክምችት የሚጨመረው በግፊት ነው። ያንኑ ጋዝ በግማሽ ቦታ ካጨቁት ክምችቱ እጥፍ ሆነ። አለዚያም ድብልቁን መለወጥ ይቻላል። አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ናይትሮጅን ሲሆን እሳቱ ዙሪያ ቆሞ መንገድ ይዘጋል። ነበልባሉ ጠፍቶ ጫፉ ፍም ብቻ የቀረ የእንጨት ስንጥር ንጹሕ ኦክስጅን ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ቦግ ብሎ ይነሳል። ለዓይን ደስ የሚል ሙከራ ነው። ይኸው ነገር ግን ሰውም ገድሏል። ጃንዋሪ 27 ቀን 1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አፖሎ 1 የተባለችው መንኮራኩር መሬት ላይ ልምምድ ሲደረግባት በእሳት ተያያዘች። ክፍሏ ከውጭው አየር ትንሽ ከፍ ባለ ግፊት በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር። ይህ ከተራ አየር ከ5 እጥፍ በላይ የኦክስጅን ክምችት ነው። ደህና አየር ውስጥ ቶሎ የማይያዙ ነገሮች እዚያ ጋዩ። ሦስቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ጥፋቱ የክምችት ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱን የሚጋራ ናይትሮጅን አለመኖሩም እሳቱን አግዞታል። ከዚያ በኋላ በማስወንጨፊያው ላይ ክፍሉ የሚሞላው 60 በመቶ ኦክስጅንና 40 በመቶ ናይትሮጅን ሆነ።

እኩልታው አይናገርም

ወደ «በስንት» እንመለስ። ብዙ ተማሪ፣ እኔም ጭምር፣ መልሱ ከኬሚካዊ እኩልታው ላይ፣ ማለት ከየትኛው ነገር ስንት ተገናኝቶ ምን እንደሚሆን ከሚጻፍበት መስመር ላይ፣ የሚነበብ ይመስለዋል። አንዱ ነገር እጥፍ ሲጨመር፣ ከፊቱ 1 ካለ ሁለት እጥፍ፣ 2 ካለ አራት እጥፍ ይፈጥናል ብሎ። አንዳንዴ ይገጥማል። ችግሩም ይሄ ነው፤ ሲገጥም ልማድ ይሆናል።

የሚገጥም ምሳሌ ይኸውና። ናይትሪክ ኦክሳይድ ቀለም የሌለው ጋዝ ነው። ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባል ቡናማ ጋዝ ይሆናል። እኩልታው ሁለት ናይትሪክ ኦክሳይድና አንድ ኦክስጅን ይላል። በልኬት የተገኘውም ይህን ይመስላል፦

ፍጥነት = ቋሚ ቁጥር × (የናይትሪክ ኦክሳይድ ክምችት)² × (የኦክስጅን ክምችት)

ኦክስጅኑን እጥፍ ብናደርግ ፍጥነቱ እጥፍ። ናይትሪክ ኦክሳይዱን እጥፍ ብናደርግ አራት እጥፍ፤ ሦስት እጥፍ ብናደርግ ዘጠኝ እጥፍ። ሁለቱንም እጥፍ ብናደርግ ስምንት እጥፍ። ከላይ በትንሹ የተጻፈችው ቁጥር «ደረጃ» ትባላለች። ሪአክሽኑ ለናይትሪክ ኦክሳይድ ሁለተኛ ደረጃ፣ ለኦክስጅን አንደኛ ደረጃ ነው ይባላል።

ይቺ ትንሽ 2 ቁጥር ቀላል አይደለችም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ንጹሕ ናይትሪክ ኦክሳይድ አየር እንደነካው ወዲያው ቡናማ ይሆናል፤ ዓይን ያየዋል። ያንኑ ጋዝ በአየር 1,000 እጥፍ ብናቀጥነውስ? በዚህ መንገድ የሚሄደው ሪአክሽን 1,000 ጊዜ አይደለም የሚዘገየው፤ 1,000 በ1,000 ነው፣ ሚሊዮን ጊዜ። ለዚህ ነው አየር ላይ የተበተነ ናይትሪክ ኦክሳይድ በኦክስጅን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቡናማ ለመሆን ሰዓታትና ቀናት ይፈጅበት የነበረው። ውጭ ባለው አየር ቶሎ የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው፤ ኦዞን።

አሁን የማይገጥመውን እንይ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ አንድ ለአንድ ተገናኝተው ናይትሪክ ኦክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ። እኩልታው ላይ ሁለቱም ቁጥራቸው 1 ነው። ስለዚህ አንዱን እጥፍ ብናደርግ እጥፍ ይፈጥናል ብሎ መገመት ማንም የሚያደርገው ነው። ከ225 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲለካ ግን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን እጥፍ ማድረግ ፍጥነቱን አራት እጥፍ ያደርገዋል። ካርቦን ሞኖክሳይዱን እጥፍ ማድረግ ደግሞ ምንም አያመጣም። ዜሮ። እኩልታው ላይ የተጻፈ፣ እየተበላ ያለ ነገር ነው፤ ግን ቢጨመር ባይጨመር ለሪአክሽኑ ግድ አይሰጠውም።

ምክንያቱ ሪአክሽኑ በአንድ እርምጃ ስለማይሄድ ነው። መጀመሪያ ሁለት የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይላተማሉ። አንዱ ለሌላው ኦክስጅን ይሰጠዋል። ይሄ እርምጃ ቀርፋፋ ነው። ከዚያ ተጨማሪ ኦክስጅን የያዘው ሞለኪውል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያገኝ ኦክስጅኑን በፍጥነት ያስረክበዋል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሥራው የሚጀምረው ወረፋው ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ጠባብ በርና ከበሩ ወዲያ ሰፊ ሜዳ ቢኖር፣ ሜዳውን ማስፋት በበሩ የሚያልፈውን ሰው ቁጥር አይጨምርም።

በኬሚስትሪ ውስጥ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ሞለኪውሎቹን ማንም አላያቸውም። አንዱን ጋዝ ጨምሮ፣ ሌላውን ቀንሶ፣ ሰዓት ይዞ የቆመ ሰው ግን ከውስጥ ማን ከማን ጋር ቀድሞ እንደሚላተም ፍንጭ ያገኛል። ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ከአንድ በላይ ታሪክ ለአንድ ልኬት ሊስማማ ይችላል። የማይስማማውን ታሪክ ግን ያለ ርኅራኄ ይጥለዋል።

ሐሳቡ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1864 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጋብቻ ዝምድና ያላቸው ሁለት ኖርዌጂያውያን፣ ጉልድበርግና ቮጌ፣ የሪአክሽንን ጉልበት ከክምችት ጋር አያይዘው ጻፉ። በኖርዌጂያንኛ ስለጻፉት ለዓመታት ብዙም ልብ ያለው አልነበረም። በ1884 ሆላንዳዊው ቫንት ሆፍ የደረጃን ነገር በሥርዓት አስቀመጠው። በ1901 የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲሰጥ ተቀባዩ እሱ ነበር።

አንድ ስኳር፣ ሁለት ጠባይ

ከሁለቱም በፊት ግን ስኳር ነበር። በ1850 ቪልሄልሚ የተባለ ጀርመናዊ ስኳር የሟሟበትን ውሃ ከአሲድ ጋር አደባለቀ። አሲዱ ስኳሩን ቀስ እያለ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል። ይሄን በዓይን ማየት አይቻልም፤ ፈሳሹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥርት እንዳለ ነው። ቪልሄልሚ የተጠቀመው ብርሃንን ነው። ስኳሩ በውስጡ የሚያልፈውን ፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን፣ የመርገብገቢያ አቅጣጫውን ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ የተከፈለው ድብልቅ ግን ወደ ግራ። ስለዚህ የብርሃኑን መዞር እየተከታተለ፣ ፈሳሹን ሳይነካ፣ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ በየጊዜው መዘገበ። የተገኘው ግልጽ ነበር፦ በማንኛውም ቅጽበት ፍጥነቱ ከቀረው ስኳር መጠን ጋር ተመጣጣኝ ነው። ስኳሩ ግማሽ ሲቀር ፍጥነቱም ግማሽ ሆነ።

በ1913 ሚካኤሊስና ካናዳዊቷ ሞድ ሜንተን ያንኑ ስኳር፣ ያንኑ መከፈል በርሊን ውስጥ አጠኑ። ልዩነቱ አሲዱን በኢንዛይም፣ ማለት ሕይወት ያላቸው ነገሮች ሪአክሽን በሚያፋጥኑበት ፕሮቲን፣ መተካታቸው ነው። ስኳሩ ትንሽ ሲሆን ውጤቱ የቪልሄልሚን ይመስላል፤ ሲጨመር ይፈጥናል። ስኳሩ እየበዛ ሲሄድ ግን ፍጥነቱ መጨመሩን እየቀነሰ ሄዶ አንድ ጣሪያ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ስኳር ቢከመርበትም ለውጥ የለም።

ኢንዛይም ስኳሩን የሚቀበልበት ቦታ የተወሰነ ነው። ሁሉም ቦታ ከተያዘ የቀረው ስኳር ውጭ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ሦስት መስኮት ያለው ቢሮ በራፉ ላይ 30 ሰው ተሰለፈ፣ 300 ሰው ተሰለፈ፣ በሰዓት የሚያስተናግደው ያው ነው። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በዚህ ዓይነት ነው። ትንሽ ከጠጡ በኋላ ኢንዛይሙ ሞልቷል፤ ከዚያ ወዲያ በሰዓት የሚወገደው መጠን አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ብዙ የጠጣ ሰው ስካሩ ቶሎ አይለቀውም። ረጅም ሰዓት ነው የሚጠብቀው።

መድኃኒት ላይ ሲመጣ ይሄ ቀልድ አይደለም። አብዛኞቹ መድኃኒቶች በተለመደው መጠናቸው የቪልሄልሚን ስኳር ይመስላሉ፦ ደም ውስጥ ሲበዙ በዚያው ልክ ቶሎ ይወገዳሉ። ፌኒቶይን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን በሕክምና መጠኑ ላይ እያለ ኢንዛይሙን ወደ መሙላት ይቀርባል። ያኔ መጠኑ ላይ ትንሽ መጨመር ደም ውስጥ ያለውን ክምችት ከተጨመረው ልክ በላይ ሊያሻቅበው ይችላል። ሐኪሞች እሱን ጠብ ጠብ እያደረጉ የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

ሪአክሽኑ ራሱን ሲበላ

እስካሁን ክምችትን እኛ የምንቀይረው አድርገን ነው ያወራነው። ሪአክሽኑም ግን ይቀይረዋል፤ የራሱን ስንቅ እየበላ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ብዙ ሪአክሽን ሲጀምር ይፈጥናል፣ ሲቆይ ይዳከማል። እንዴት እንደሚዳከም ማየት ደግሞ ደረጃውን ያጋልጣል።

100 ክፍል ይዘን እንነሳና 50 ለመድረስ 10 ደቂቃ ፈጀ እንበል። አንደኛ ደረጃ ከሆነ ከ50 ወደ 25 ለመውረድም 10 ደቂቃ ነው፤ ከ25 ወደ 12.5ም 10 ደቂቃ። ግማሽ ለመሆን የሚፈጀው ጊዜ አይለወጥም። አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ሆኖ ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 20፣ ከዚያ 40 ደቂቃ ይሆናል፤ መጨረሻው ላይ ያለው ጥቂት ትርፍራፊ አልልቅ ብሎ ያሰለቻል። ዜሮ ደረጃ ከሆነ ከ50 ወደ 25 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እንደተነሳበት እየሄደ በ20ኛው ደቂቃ ጥርግ ብሎ ያልቃል።

ወፍራሙ አሲድ የሚለግምበት ጊዜ

ጭራሽ ይዘገያል ያልኩትን አልረሳሁትም። የብረት ሚስማር በቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ ይፈላል፣ ጋዝ ይወጣል፣ ብረቱ ይበላል። በጣም በተከማቸ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ ግን ምንም። ሚስማሩ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ይመስል ዝም ይላል። በ1836 ኬሚስቱ ሾንባይን ይህን ለእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ ጽፎለት ሁለቱ ብዙ ተነጋግረውበታል። የተከማቸው አሲድ ብረቱን ገና ሲነካው ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ልባስ ያበጅለታል። ልባሱ ከሥር ያለውን ብረት ይጠብቀዋል። አሲዱ በራሱ ሥራ ራሱን ከበር አስቀረ ማለት ነው። ይህን ግን ቤት ውስጥ የሚሞክር ሰው እንዳይኖር፤ አሲዱም ጋዙም አደገኛ ናቸው።

ሰልፈሪክ አሲድም የዚህ ዘመድ ነው። 98 በመቶ የሆነው በተራ ብረት ታንከር ይጓጓዛል። ውሃ ገብቶበት ከቀጠነ ግን ታንከሩን ይበላዋል። «የቀጠነ ስለሆነ አይጎዳም» የሚል ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል።

በብረት ልባስ ብቻ የሚሆን ነገርም አይደለም። መኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚያቃጥል ፕላቲነም ያለበት ማጣሪያ አለ። ካርቦን ሞኖክሳይዱም ኦክስጅኑም ፕላቲነሙ ላይ ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል። ማጣሪያው ገና ሳይሞቅ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ማረፊያውን ሁሉ ይይዝና ኦክስጅን መቀመጫ ያጣል። ያኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ በጨመረ ቁጥር መቃጠሉ ይዘገያል። መጠኑ መብዛቱ ራሱ መንገድ ዘጋ። ማጣሪያው ሲሞቅ እየተላቀቀ ስለሚነሳ ቦታ ይገኛል።

በዚሁ አጋጣሚ በየጊዜው የሚደባለቁ ሁለት ነገሮችን ልለይ። «ጠንካራ አሲድ» እና «የተከማቸ አሲድ» አንድ አይደሉም። በሊትር 1 ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድና በሊትር 1 ሞል አሴቲክ አሲድ፣ የኮምጣጤው አሲድ ማለት ነው፣ ክምችታቸው እኩል ነው። ማግኒዥየም ብንጨምርባቸው ግን አንዱ ይንጣጣል፣ ሌላው በዝግታ ያረፋል። ሃይድሮክሎሪኩ ሃይድሮጅን አዮኑን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለውን ሃይድሮጅን) ሙሉ በሙሉ ሲለቅ አሴቲኩ ከ1,000ው 4ቱን ያህል ብቻ ነው የለቀቀው። ማግኒዥየሙን በዋናነት የሚያጠቃው ደግሞ ይኸው አዮን ነው። ሌላው መጠንና ክምችት ነው። ከአንድ አሲድ 100 ሚሊ ሊትር መውሰድ ከ200 ሚሊ ሊትር ይልቅ ቀርፋፋ አያደርገውም። ክምችቱ ያው ነው። ብዙ አሲድ ብዙ ብረት ይበላል እንጂ እዚያች ቁራጭ ላይ ሲጀምር ያለውን ፍጥነት አይለውጠውም። ጠጣር ነገር ደግሞ ክምችቱ አይቀየርም፤ እሱን የሚያፋጥነው መፍጨት ነው፣ ለግጭት የተጋለጠውን ገጽ ማብዛት።

ወደ መስቀሉ ልመለስ። የዚያ ሪአክሽን እኩልታ ለአንድ ታዮሰልፌት ሁለት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያስፈልጋል ይላል። እኩልታውን ብናምነው አሲዱ ዋናው ተዋናይ ይመስላል። እስካሁን የቀነስነው ግን ታዮሰልፌቱን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዙር ታዮሰልፌቱን እንደነበረ ትተን አሲዱን በግማሽ እናቅጥነው፤ ጠቅላላው መጠን አሁንም ያው ይሁን። ሰዓት ይዘን እንቁም። ጉም ጉም አለ፣ ወተት መሰለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ጠፋ። ጊዜው ወደ 60 ሰከንድ አልሄደም። እዚያው 30 አካባቢ ነው፣ ጥቂት ከፍ ብሎ።